ከደንበኛ የመጣ ዚፕ፦ ኤክስትራክት ማድረግ ብቻውን ኮምፒውተር ይጎዳል?

ህትመት_አቶቴ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ሐዋሳ፣ ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽ የህትመት ቤት አለችኝ። ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እናትማለን። ፋይል የምንቀበለው በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ነው።

ዛሬ አንድ የማላውቀው ደንበኛ «ዲዛይኑ ውስጡ አለ» ብሎ ፓስወርድ ያለው ዚፕ (ብዙ ፋይል ተጨምቆ የታሸገበት አንድ ፋይል) ላከልኝ። ፓስወርዱንም እዚያው ከፋይሉ ስር ጽፎታል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ኤክስትራክት ማድረግ (ዚፑን ፈትቶ ፋይሎቹን ማውጣት) ምንም አያመጣም፣ ቫይረስ የሚነሳው ፋይሉን ስትከፍቺው ነው» ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አልፈቀደም። ኮምፒውተሩ ላይ የደንበኞች ሥራ ሁሉ ተቀምጧል። የሱቁ ቴሌግራምም እዚያው ክፍት ነው። ልጁ ልክ ነው? ካልሆነስ፣ ሳልከፍተው ውስጡን የማይበት መንገድ አለ?

ፈጣን_ባጃጅ፦
ኧረ እህቴ አታካብጂ። አንቲቫይረስ ካለሽ ክፈቺና አትሚለት። ደንበኛ ይሄድብሻል።

ከታቦር_ስር፦
ባጃጅ፣ ቀስ በል። አንቲቫይረሱ እዚህ ጋ ምንም አያይም። ዚፑ በፓስወርድ ሲቆለፍ ይዘቱ ይመሰጠራል። አንቲቫይረሱ ደግሞ ፓስወርዱን አያውቅም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ኢሞቴት የሚባለው ማልዌር በኢሜይል ሲሰራጭ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሟል። ዚፑ ይቆለፋል፣ ፓስወርዱ መልእክቱ ውስጥ ይጻፋል። በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ማንጠልጠል ማለት ነው። ምስጢር ለመጠበቅ አይረዳም። ፍተሻን ለማለፍ ግን ግሩም ነው። ይህ ማለት ደንበኛሽ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ሳያስበው እንደዚህ ይልካል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። ግማሽ እውነት አለው። ኤክስትራክት ስታደርጊ ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ዲስክ ላይ ይጽፋል እንጂ አያስነሳቸውም። ችግሩ የት ይጽፋቸዋል የሚለው ነው።

ዚፕ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ ጋር መንገዱም ተጽፏል፦ «ዲዛይን» የሚለው ፎልደር ውስጥ «ካርድ» የሚል ፋይል፣ እንደዚህ። ያንን መንገድ የጻፈው ግን ላኪው ነው። ላኪው መንገዱ ላይ ሁለት ነጥብና ስላሽ (../) ደጋግሞ ቢያስገባበት «ከዚህ ፎልደር ወደ ላይ ውጣ» ማለት ይሆናል። ፕሮግራሙ ይህን ካላጣራ ፋይሉ አንቺ ከመረጥሽው ፎልደር አምልጦ ሌላ ቦታ ያርፋል። ያ ቦታ የዊንዶውስ ስታርታፕ ፎልደር ከሆነ ኮምፒውተሩን በሚቀጥለው ጊዜ ስታበሪና ስትገቢ ፋይሉ ራሱን ያስነሳል። እኛ ሰፈር ደግሞ ኮምፒውተር ጠፍቶ እስኪበራ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መብራት ኃይል ያግዘዋል።

ፈጣን_ባጃጅ፦
ይሄ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ሆኖ ያውቃል?

ከታቦር_ስር፦
ሆኗል፤ ያውም ሁሉም ሰው ዚፕ በሚፈታበት ፕሮግራም፣ በዊንራር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ቼክ ፖይንት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ይህንኑ አሳይቷል። ዊንራር ውስጥ ኤሲኢ የሚባል ያረጀ ፎርማት የሚከፍት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ነበር። ከ2005 ወዲህ አልታደሰም። ክፍተቱ 19 ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ኖሯል። ይባስ ብሎ፣ የኤሲኢውን ፋይል ስሙን ብቻ ወደ ራር (የዊንራር የራሱ ፎርማት) ቀይረው ቢልኩትም ዊንራር ውስጡን አይቶ በኤሲኢነቱ ይከፍተው ነበር። የዊንራር ሰዎች የላይብረሪው ኮድ እጃቸው ላይ ስላልነበረ ሊጠግኑት አልቻሉም። ኤሲኢን ከነአካቴው አወጡት።

«ያ ድሮ ነው» እንዳትለኝ፣ በ2025ም ተደገመ። ኢሴት የተባለው ኩባንያ ሐምሌ ውስጥ ያገኘው ነው። ማመልከቻና ሲቪ የሚመስሉ የራር ፋይሎች ለሠራተኞች ይላኩ ነበር። ስትከፍቺው የሚታይሽ አንድ ሰነድ ነው። ከጀርባው ግን በዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ውስጥ በሚደበቅ ተጨማሪ ክፍል ሌሎች ፋይሎች ተሸሽገዋል። ኤክስትራክት ሲደረግ ከተሸሸጉት አንዱ፣ ማልዌሩን የሚያስነሳ ሾርትከት፣ በቀጥታ ስታርታፕ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ሰርጎ ገቦቹ መጠቀም የጀመሩት ማስተካከያው ከመውጣቱ በፊት ነው። የተዘጋው በስሪት 7.13 ነው።

ስለዚህ ለልጁ ንገሪው፦ ያለው ነገር የሚሠራው የምትከፍቱበት ፕሮግራም አዲስ ከሆነ ነው።

ጡረተኛው_መምህር፦
ልጆች፣ ስለ ዊንራር ስታወሩ እኔም ጆሮዬን አቆምኩ። የእኔው ልጄ ከጫነልኝ ቀን ጀምሮ «የ40 ቀኑ ሙከራ አልቋል፣ ክፈል» እያለ ይከፈታል። ዘግቼው እቀጥላለሁ። ይህ ማለት አርጅቷል ማለት ነው?

ከታቦር_ስር፦
ጋሼ፣ ያ መልእክት ስለ ክፍያ ነው፤ ስለ ስሪቱ አይናገርም። የአገሩ ሰው ሁሉ ያንን መስኮት እየዘጋ ነው የሚኖረው፣ ብቻዎን አይደሉም። ዊንራርን ይክፈቱና ከላይ «ሄልፕ» ከዚያ «አባውት» የሚለውን ይጫኑ። ቁጥሩ ከ7.13 በታች ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ዊንራር ራሱን በራሱ አያድስም። አንድ ጊዜ የተጫነው እርስዎ እስኪነኩት ድረስ እንደዚያው ይቆያል። እኛ አገር ያለው ትልቁ ችግር ይሄ ይመስለኛል። ፎርማት የሚያደርግልን ልጅ ዓመታት የቆየ ዊንራር ፍላሹ ላይ ይዞ ይዞራል፣ ከተማውን ሙሉ እሱኑ ይጭናል።

ሲያወርዱ ግን ከራሱ ከዊንራር ድረ ገጽ ይሁን። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ፉል ቨርዥን» የሚሉትን እንዳይነኩ።

ጡረተኛው_መምህር፦
ተባረክ። 5.50 ይላል። ልጄ እሁድ ሲመጣ አስቀይረዋለሁ፤ እስከዚያ ከሰው የመጣ አልከፍትበትም።

ፈጣን_ባጃጅ፦
እኔ ሰቨን ዚፕ ነው የምጠቀመው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። እሱ አይነካም።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ሰቨን ዚፕ ጥሩ ነው፤ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። «አይነካም» የሚለው ግን አያስኬድም። ስሪት 25.00 በ2025 ሲወጣ ከዘጋቸው ክፍተቶች አንዱ ከሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚጠቁም ልዩ ፋይል) ጋር የተያያዘ ነበር። ሰቨን ዚፕም ራሱን አያድስም። ስሪትህን እየው።

ከዚያ በፊት በ24.09 የተዘጋ ሌላ አለ፤ እሱ ለእኛ አገር ሰው ልዩ ትርጉም ስላለው ትንሽ ላብራራው። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ የማይታይ ምልክት ያደርጋል። ወርድ ሰነድ ስትከፍቱ ከላይ የሚመጣውን ቢጫ መስመር ታውቁታላችሁ አይደል? «ኢነብል ኤዲቲንግ» የሚለውን። እሱ የሚመጣው በዚያ ምልክት ነው። የማይታወቅ ፕሮግራም ስታስነሱ የሚያስጠነቅቀው ሰማያዊ መስኮትም እንደዚሁ። ዚፕ ላይ ምልክቱ ካለ፣ ስትፈቱት ውስጡ ወዳሉት ፋይሎች መተላለፍ አለበት። ሰቨን ዚፕ ላይ ዚፕን በሌላ ዚፕ ውስጥ ከጠቀለልከው ምልክቱ መሃል ላይ ይጠፋ ነበር። በነገራችን ላይ ሰቨን ዚፕ ምልክቱን እንዲያስተላልፍ ከፈለጋችሁ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ።

አሁን ወደ እኛ። ያ ምልክት የሚቀመጠው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዲስክ አሠራር ላይ ብቻ ነው። አብዛኛው ፍላሽ ደግሞ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው። ፋይሉ ፍላሽ ላይ በተገለበጠ ቅጽበት ምልክቱ ይረግፋል። እህታችን ሱቅ በፍላሽ የሚደርሰው ፋይል ሁሉ ከኢንተርኔት የመጣ ቢሆን እንኳ ዊንዶውስ እንደ ራሷ ፋይል ነው የሚያየው። ቢጫው መስመርም ሰማያዊው መስኮትም አይመጣም። ሌላው ዓለም የሚተማመንበት ጥበቃ ለፍላሽ ከተማ አልተሠራም።

ህትመት_አቶቴ፦
እህህ። እኔ ደግሞ ፍላሽ ከቴሌግራም ይሻላል ብዬ ነበር የማስበው። እሺ፣ ያቺን ዚፕ አሁን ምን ላድርጋት? ውስጧን ሳልፈታ ማየት እችላለሁ?

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ትችያለሽ። መጀመሪያ ዊንራሩን ወይም ሰቨን ዚፑን አድሺ። ከዚያ ፕሮግራሙን ክፈቺና ዚፑን በእሱ በኩል አስገቢው፤ ኤክስትራክት አትበይ። የፋይሎቹ ዝርዝር ይመጣል። ተራ ዚፕ ላይ ፓስወርዱ ይዘቱን እንጂ ስሞቹን አይደብቅም፣ ስለዚህ ፓስወርዱን ሳታስገቢም ስሞቹን ታያለሽ። ራርና ሰቨን ዜድ (የሰቨን ዚፕ የራሱ ፎርማት) ስሞቹንም መደበቅ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ እኔ ብሆን መልሼ እልከዋለሁ።

ዝርዝሩ ላይ የየፋይሉን ስም መጨረሻ እይ። ለህትመት የሚላክ ነገር ፒዲኤፍ፣ ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ኤአይ፣ ሲዲአር፣ ፒኤስዲ ነው። ምናልባት ፎንት። ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ባት፣ ጄኤስ፣ ቪቢኤስ ካየሽ ጨዋታው አበቃ፤ እነዚህ ሲጫኗቸው የሚነሱ ፕሮግራሞች ናቸው። «ካርድ» ብሎ ፒዲኤፍ፣ ከዚያ ደግሞ ኢኤክስኢ የሚል ሁለት መጨረሻ ያለው ስምም ያው ነው። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ስለሚደብቅ ፒዲኤፍ መስሎ ይታይሻል። መደበቁን ማጥፋት ይቻላል፤ ፎልደር ከፍተሽ «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ሾርትከት ግን እሱንም ያመልጣል። የሾርትከት መጨረሻ፣ ኤልኤንኬ የሚለው፣ ያንን ምልክት ብታደርጊም አይታይም። ሰቨን ዚፕ ዝርዝር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ያሰቃየው ሰው ሁሉ ይቺን ይያዝ።

ከታቦር_ስር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዝርዝሩን እዪ፣ ግን እዚያው መስኮት ውስጥ ሆነሽ ደብል ክሊክ አታድርጊ። በ2023 ዊንራር ላይ የተገኘው ክፍተት በትክክል እዚያ ነበር። ዚፑ ውስጥ አንድ ፎቶ ወይም ሰነድ አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ስሙ ከእሱ ጋር አንድ የሆነ ፎልደር አለ። ፎቶውን ስትጫኚ የሚነሳው ፎልደሩ ውስጥ ያለው ስክሪፕት ነው። ግሩፕ አይቢ የተባለው ኩባንያ እስኪደርስበት ድረስ በንግድ መድረኮች ላይ አክሲዮንና ክሪፕቶ የሚነግዱ ሰዎች ለወራት ተጠቅተውበታል። በስሪት 6.23 ተዘግቷል። የጋሼ 5.50 ይህም አለበት ማለት ነው።

ግቢ_ኮደር፦
ይቅርታ ክሩን ልጠልፍ ነው። እኛ ዲፓርትመንት ተማሪዎች አሳይመንት በዚፕና በታር (ሊኑክስ ላይ የተለመደ የፋይል ማሸጊያ) የሚያስገቡበት ሲስተም እየሠራን ነው፣ ፓይተን ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን ተቀብሎ ራሱ ይፈታዋል። ሰርቨሩ ሊኑክስ ስለሆነ ስታርታፕ ፎልደር ምናምን አይመለከተንም አይደል?

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ይመለከታችኋል፣ ከሱቁም በላይ። ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ዝርዝሩን አይቶ የሚጠረጥር ሰው አለ። የእናንተ ሰርቨር ማንም የላከውን ሁሉ ይፈታል።

በ2018 ስኒክ የተባለው ኩባንያ ዚፕ ስሊፕ ብሎ ያወጣው ጉዳይ አለ። ታቦር ከላይ ያስረዳው የ../ ነገር ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ፕሮግራመሮች በየፕሮጀክታቸው በጻፉት ኮድ ውስጥ መሆኑ ነው። በተለይ ጃቫ ላይ በዝቶ ተገኘ፤ ዚፕ ሙሉ በሙሉ የሚፈታ አንድ የጋራ ላይብረሪ ስላልነበረ ሰው ሁሉ የራሱን ሉፕ ይጽፍ ነበር፣ የተሳሳተውን ኮድም እርስ በርስ ይገለብጥ ነበር። ሊኑክስ ላይ ስታርታፕ ፎልደር ባይኖርም የዌብሳይታችሁ ኮድ አለ፣ የኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት መግቢያ) ቁልፍ አለ፣ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ) አለ። ከእነዚህ አንዱ ላይ ሌላ ፋይል መጻፍ ይበቃል።

ፓይተን ላይ የሚገርመው፣ የዚፕ ሞጁሉ ../ን ራሱ ይሰርዘዋል። የታር ሞጁሉ ግን አይሰርዝም ነበር። ችግሩ በ2007 ተመዝግቦ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ማስጠንቀቂያው ዶክመንቴሽኑ ላይ ብቻ ተቀመጠ። በ2022 ትሬሊክስ የሚባል ኩባንያ እንደገና ሲያነሳው ነው ሰው የነቃው። ስሪት 3.12 ላይ «ፊልተር» የሚል አማራጭ መጣ፤ ዋጋውን «ዳታ» አድርጉት። ከ3.14 ጀምሮ ሳትጠይቁትም እንደዚያ ነው። ያላችሁን ስሪት ሳታዩ ግን እንዳታምኑ።

ታር ውስጥ ሲምቦሊክ ሊንክም ይመጣል። መጀመሪያ «ሥራ» የሚል ሊንክ ያስገባል፣ ሊንኩ ከፎልደራችሁ ውጭ ያመለክታል። ቀጥሎ «ሥራ» ውስጥ አንድ ፋይል ያስገባል። መንገዱ ላይ ../ የለም፣ ቼካችሁን ያልፋል፣ ፋይሉ ግን ውጭ ይጻፋል። ለአሳይመንት ሊንክ ምን ያደርጋል? ጭራሽ አትቀበሉ።

ግቢ_ኮደር፦
እሺ። መጠኑስ? አፕሎድ የሚደረገው ከ10 ሜጋባይት አይበልጥም ብለናል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
10 ሜጋው የተጨመቀው መጠን ነው። ሲፈታ ምን ያህል እንደሚሆን አይነግራችሁም። 42 ኪሎባይት ብቻ የሆነ የታወቀ ዚፕ አለ፤ ዚፕ በዚፕ ውስጥ ተደራርቦ ሁሉም ሲፈታ 4.5 ፔታባይት ይሆናል። እሱ የሚጎዳው የውስጡንም ዚፕ እየተከታተለ የሚፈታን ሲስተም ነው። በ2019 ግን ዴቪድ ፊፊልድ የተባለ ተመራማሪ ዚፕ በዚፕ ውስጥ የሌለበት ሠራ። 10 ሜጋባይቷ 281 ቴራባይት ትሆናለች። በትክክል የእናንተ ልክ።

ተራው የዚፕ መጭመቂያ ቢበዛ 1,032 እጥፍ ያህል ነው የሚጨምቀው። እሱ ያንን ያለፈው ብዙ ፋይሎች አንዱን የተጨመቀ ዳታ እንዲጋሩ አድርጎ ነው። ስለዚህ ዚፑ ላይ የተጻፈውን መጠን አትመኑ፤ እሱንም የጻፈው ላኪው ነው። እየፈታችሁ እየጻፋችሁት ያለውን ባይት ቁጠሩ፣ ካለፈ አቋርጡና አጥፉት። የፋይሎቹን ብዛትም ገድቡ። የምትፈቱበትን ቦታ ደግሞ ከዋናው ዲስክ ለዩት፤ ቢሞላም ሰርቨሩ አብሮ እንዳይተኛ።

ግቢ_ኮደር፦
ዛሬ እንቅልፍ የለም ማለት ነው። አመሰግናለሁ፣ ከምር።

ዲዛይነር_መናኸሪያ፦
ስለ ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ስለተሰበረ ሶፍትዌር) ማንም አላነሳም እንዴ? ሐዋሳ ውስጥ ያለ ዲዛይነር ሁሉ ሶፍትዌሩን ያገኘው ከተቆለፈ ራር ነው። አብሮ የሚመጣው ጽሑፍም «መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፉ» ይላል።

ከታቦር_ስር፦
እና ሰው ያጠፋል! እዚያ ላይ ዚፕ ስሊፕም ዊንራርም አያስፈልግም፤ በሩን ራስህ ነው የከፈትከው። ለካርድና ለባነር ኢንክስኬፕና ጊምፕ ነፃ ናቸው። ኮርል (ሲዲአር የሚሠራበት ፕሮግራም) የለመደ እጅ እንደሚያማርር አውቃለሁ።

ህትመት_አቶቴ፦
መጣሁ። ሰቨን ዚፑን አዲስ አስጫንኩና ዝርዝሩን አየሁ። አንድ ሲዲአር፣ አንድ ፒዲኤፍ፣ ሦስት የአማርኛ ፎንቶች። ሌላ ምንም የለም። ቢሆንም ደወልኩለት። ተማሪ ነው፣ ዲዛይን ይሠራል። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ሥራውን ሳይከፍሉት ስለተጠቀሙበት ነው የቆለፈው። ፓስወርዱ እዚያው ከተጻፈ መቆለፉ ምን ይሠራልሃል ስለው ሳቀ። ፎንቶቹን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ) ቀይሮ ፒዲኤፉን ብቻ እንዲልክልኝ ተስማማን። ልኳል፣ እየታተመ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የሱቁ ቴሌግራም ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት መሆኑ ችግር አለው?

ሰርቨር_ጠባቂ፦
አለው። መረጃ የሚሰርቁ ማልዌሮች የቴሌግራም ዴስክቶፕን የዳታ ፎልደር ይገለብጣሉ። ያ ፎልደር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ያለ ኮድ፣ ያለ ፓስወርድ አካውንቱ ይከፈታል። ከዚያ ለደንበኞችሽ በአንቺ ስም «ቸግሮኝ ነው፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ» ይጻፋል። ሴቲንግ ውስጥ «ሎካል ፓስኮድ» የሚለውን አብሪው፤ ፎልደሩ በእሱ ስለሚመሰጠር ቢገለበጥም በቀላሉ አይከፈትም። አጭር ቁጥር ሳይሆን ረዘም ያለ አድርጊው። ቢቻልሽ የደንበኛ ፋይል የምትቀበይበትና የምትፈቺበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለይ። እሱ ላይ የቆየ ሥራ አታስቀምጪ፣ የሱቁንም ዋና አካውንት አትክፈቺ። ለመቀበያ ሌላ የቴሌግራም ቁጥር አውጪ።

ህትመት_አቶቴ፦
አሮጌ ኮምፒውተርስ አለ፣ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል። ግን ዊንዶውስ 7 ነው።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
እሱን አትጠቀሚ። ማይክሮሶፍት በጥር 2020 ድጋፉን አቁሟል። ኡቡንቱ ወይም ሚንት (የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ጫኚበት፤ ፒዲኤፍና ጄፔግ አይቶ ለማስተላለፍ አያንስም። ካልገባሽ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ነኝ፣ መጥቼ እጭንልሻለሁ።

ፈጣን_ባጃጅ፦
የእኔ ሰቨን ዚፕ 19.00 ነው። ፒያሳ ስትመጣ በእኔ በኩል እለፍ።